የግንዱ ወገብ

ነፋሱ የጓሮውን ጥድ የጣለው እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ማንንም አልጎዳም፤ አጥሩን አልነካም፤ የልብስ ማስጫውን ሽቦ እንኳ አልበጠሰም። ጓሮው ውስጥ ካለው ቦታ ሁሉ መርጦ የኋለኛው ክፍል በር ላይ ተጋደመ። ሥሩ አፈር እንደያዘ ተነቅሎ በአንድ በኩል ቆሟል፤ ጫፉ በሌላው በኩል ያለው የድንጋይ መደብ ላይ አርፏል፤ መሐሉ መሬት አይነካም። የክፍሉ በር ወደ ውጭ የሚከፈት ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚከፈተው እጅ ለማሾለክ ያህል ብቻ ሆነ።

ክፍሉ ለአባቴ የተዘጋጀ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን የሚኖርበትን ቤት ለቆ እኛ ዘንድ ሊገባ ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል። ግድግዳው ተቀብቷል፤ አልጋው ገብቷል፤ መጋረጃውን ባለቤቴ ራሱ ሰፍቶ ሰቅሎታል።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። የሚሠራው የቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከመንገድ የሚገባ ደንበኛ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ጠመኔው ኪሱ ውስጥ። አባቴ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ኃላፊ ነበር። በአባቴ ዓይን ሥራ ማለት ከራስህ የሚከብድ ነገር መጣል ነው። ስለዚህ ከታጨንበት ጊዜ ጀምሮ ባለቤቴን የሚጠራው "መርፌ" እያለ ነው። ክፋት የለውም። ስልክ ሲደውል "መርፌ ደህና ነው?" ይለኛል፤ እዚህ ሲመጣ "መርፌ፣ ዛሬስ ስንት ቁልፍ ተከልክ?" ይለዋል። ባለቤቴም ይስቃል።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የሰው ደም አያለሁ፤ አንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ ሳላየው ውጤት አልጽፍም። ባለቤቴ በዚህ ቀልድ ሲስቅ ጥርሱ ብቻ እንደሚስቅ ካወቅኩ ቆየሁ።

ዛፉ የወደቀ ዕለት አመሻሽ ላይ ሁለታችንም ጓሮ ቆመን አየነው።

"ሰው እንጥራ" አልኩ። "የመንገድ ዛፍ የሚከረክሙት አሉ አይደል? መጥተው ቆርጠውት ይሄዳሉ።"

"አባትሽ ሲመጡ 'ማን ቆረጠው?' ይላሉ።"

"ይበላ።"

"'ሰው ቀጥረን' እላቸዋለሁ። ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን እዚያ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ እኔም ዕድሜ ልኬን እዚህ ነኝ። በየቁርሱ እንዲነሳብኝ ትፈልጊያለሽ?"

ግንዱን በእግሬ ገፋሁት፤ አልተነቃነቀም።

"ራሴ እቆርጠዋለሁ" አለ። "የሞተር መጋዝ እገዛለሁ፤ ለቤት የሚሆን፣ ርካሽ። ሌሎቹም ዛፎች በየክረምቱ ቅርንጫፍ ይጥላሉ፤ ገንዘቡ ሜዳ ላይ አይወድቅም። ሲመጡ በሩ ወለል ብሎ ይጠብቃቸዋል።"

ክርክሩ ቀዳዳ አልነበረውም። "ጥሩ፣ እንምረጥ" አልኩ።

"እመርጣለሁ" አለ። "ይሄን ለእኔ ተዪልኝ።"

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወደ ግንዱ ሄደ። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። በመስኮት ሲያጎነብስ አየሁት፤ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።

በማግስቱ የመሣሪያ መደብሮችን ሲዞር ዋለ፤ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ብሶበት መጣ። ባለቤቴ የማንኛውንም ዕቃ ዋጋ የሚያስበው በሱፍ ነው፤ ፍሪጃችን የሦስት ሱፍ ፍሪጅ ነው፤ የልጃችን ጥርስ ሕክምና አንድ ሱፍና አንድ ኮት ፈጅቷል።

"አገኘህ?" አልኩት እራት ላይ።

"ለእኛ ግንድ የሚሆነው አሥር ሱፍ ነው።"

"ለቤት የሚሆን ርካሽ አልነበር እንዴ የምንፈልገው?"

"ርካሾቹ አሉ። መጫወቻ ናቸው። የእኛ ግንድ ከባድ ነው።" ማንኪያውን አስቀመጠና ሾርባውን አማከረው። "ኦቨርሎክ ማሽኑን ብሸጠውስ?"

ያቺን የጨርቅ ጠርዝ የምትቋጭ ማሽን ከምንም ይልቅ ነው የሚሳሳላት። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም። "ነገ አብሬህ እመጣለሁ" አልኩ።

"እመርጣለሁ ብዬሽ የለ?"

"አልመርጥም። ቆሜ አያለሁ።"

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ መደብሩ በር ላይ ተገናኘን። ሻጩ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ፣ ሆዱ ከመሸጫው ጠረጴዛ በላይ የተንጠለጠለ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ባለቤቴን ሲያይ እጁን በእጁ መታ።

"መጣህ ወንድሜ? ማሽኑ ተሸጠ?" ወደ እኔ ዞረ። "እህቴ፣ እስቲ አንቺ ምከሪው። 'ለቤት የሚሆን ርካሽ መጋዝ' ይለኛል። እሺ ብዬ አወጣለሁ። ከዚያ መርከብ የሚሠራ ይመስል 'ግንዴ መቶ ሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው' ይለኛል። ከተማ ለሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ግንድ ምን ያደርግለታል?"

"አሳያት" አለው ባለቤቴ።

ሻጩ ከመጋዘን ሁለት እጁን ተጠቅሞ አንድ ብርቱካናማ ነገር አመጣ። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጠፍጣፋ ብረት ከጠረጴዛው ጫፍ ወጥቶ መተላለፊያውን ዘጋ። ምስማር ሊገዛ የመጣ አንድ ደንበኛ ሆዱን ሰብስቦ በጎን አለፈ። ባለቤቴ እጀታውን ያዘና አነሳው፤ ማለቴ ኋላው ተነሳ። አፍንጫው ወለሉ ላይ ቀረ፤ ባለቤቴም ተከትሎት ወደፊት ሦስቴ ተራመደ።

"ትንሽ ትከብዳለች" አለ ትንፋሹን ውጦ።

"ደግሞ እሷም ብትሆን ከሁለት በኩል ካልገባህ አትጨርስልህም" አለ ሻጩ። "ይሄን የሚይዙት ጫካ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። አንገታቸውን አይተሃል? አንገት የላቸውም።"

እኔ በዚህ ጊዜ ስለ ጫማዬ እያሰብኩ ነበር። ባለፈው ቀን ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ጠጠር ገብቶብኝ ግንዱ ላይ፣ ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ ቁጭ ብዬ አራግፌዋለሁ። ስቀመጥ እግሬ መሬት ይነካ ነበር። መቶ ሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነገር ላይ ለመቀመጥ ለእኔ መሰላል ያስፈልጋል። ስለዚህ ወይ እግሬ ረዝሟል፣ ወይ ቁጥሩ የሌላ ነገር ቁጥር ነው።

"እንዴት ነው የለካኸው?" አልኩት።

"በሜትር ነዋ።"

"አውቃለሁ በሜትር። አሳየኝ።"

ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ዙሪያውን ተመለከተ። መደብሩ ውስጥ ከሻጩ የተሻለ ግንድ አልነበረም። "ይቅርታ ወንድሜ፣ እጅህን ከፍ" አለው። ሻጩ ከፍ አደረገ። ባለቤቴ ሜትሩን በጀርባው አዙሮ እምብርቱ ላይ አገጣጠመ፤ ከሥሩም ሁለት ጣቱን አስገባ።

"እንዲህ" አለ። "እንዳይጠብቅ ሁለት ጣት ማላወሻ ትቼ።"

ምስማር የሚገዛው ሰውዬ ምስማሩን መቁጠር አቆመ። ሻጩ ሆዱ ላይ ያለውን ሜትር አየ፤ ከዚያ ባለቤቴን አየ።

"ወንድሜ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ግንዱ ሱሪ ሊሰፋለት ነው?"

"ታዲያ ወገብ በምን ይለካል?" አለ ባለቤቴ። ከልቡ ነው የጠየቀው። ዕድሜውን ሙሉ የለካው ነገር ሁሉ ክብ ነበር፤ አንገት፣ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅ አንጓ። ሰውን መሐል ለመሐል ለክቶ አያውቅም፤ የለካም የለም።

"መጋዙ ግንዱን አያቅፈውም" አልኩት። "በመሐሉ ነው የሚያልፈው። ዙሪያውን ለሦስት አካፍለው፤ እንዲያውም ከሦስት ትንሽ ለሚበልጥ። አርባ ነው። ማላወሻው ሲወጣ ከዚያም ያንሳል።"

ሦስት ቀን ሙሉ ባለቤቴን ያላስተኛው ጭራቅ ግንድ ፊቱ ላይ ሲከሳ አየሁት።

"እስቲ የእኔ ስንት መጣ?" አለ ሻጩ እጁ ገና በአየር ላይ ሆኖ።

ባለቤቴ ሜትሩን አየ። "መቶ አሥራ ስምንት።"

"ዛፉ ይበልጠኛል ማለት ነው" አለ ሻጩ። "ይሄን ለባለቤቴ እነግራታለሁ።"

ብርቱካናማው አውሬ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ፤ በምትኩ ሦስት ትንንሾች ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። የመጀመሪያው አንድ ሰው የሠራበት የቤንዚን መጋዝ ነበር፤ ርካሽ ነው። ሻጩ ገመዱን ሲስበው መጋዙን ሳል ያዘው፤ ደግሞ ሲስበው ደግሞ ሳል ያዘው፤ ከዚያ ሰማያዊ ጭስ ተፋና ዝም አለ።

"ሲሞቅ ይስተካከላል" አለ ሻጩ።

"ይሄን ሳል ሥራ ቦታ ብሰማው አክታ አምጣ እለው ነበር" አልኩ።

ሁለተኛው በባትሪ የሚሠራ ነው። ቀላል፣ ቆንጆ፣ ድምፁም ለስላሳ ነው፤ ባለቤቴ እጀታውን ሲጨብጥ ፊቱ በራ። ዋጋውንም ሲሰማ አልከፋውም። "ባትሪውስ?" ብዬ ስጠይቅ ግን ሻጩ እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ መልሶ ሰካው። ባትሪው ለብቻው ነው የሚሸጠው፤ ዋጋውም ከመጋዙ እኩል ነው።

ሦስተኛው በገመድ፣ ከሶኬት የሚሠራ ነው። ብረቱ አርባ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለግንዳችን በቂ ነው፤ ትንሽ ቢጎድል እንኳ በሌላው ጎን መግባት ይቻላል። መልኩ አያምርም፤ ቀለሙ የሆስፒታል ኮሪደር ቀለም ነው። እዚህ ላይ "አልመርጥም" ያልኩትን አስታውሼ ዝም አልኩ። ባለቤቴ ግን በራሱ ተለወጠ። ጎንበስ ብሎ በጣቶቹ ሰንሰለቱን ቆነጠጠና ሳብ አደረገው።

"ክሩ ላልቷል" አለ።

"ሰንሰለቱ" አለ ሻጩ።

"ሰንሰለቱ ላልቷል። እንዲህ ሆኖ ቢዞር ከመንገዱ ይወጣል። በምንድን ነው የሚጠብቀው?"

ሻጩ በጎኑ ያለውን ብሎን አሳየው። ባለቤቴ ራሱ አጠበቀው፤ ሳበው፤ ለቀቀው፤ ደግሞ ሳበው። ከዚያ "ስካው" አለና ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን አዘነበለ። የስፌት ማሽኑ ሲበላሽበት እንዲህ ነው የሚያዳምጠው። "ዘይት የሚጠጣው በየት ነው? ጠርሙሱ አብሮት ይመጣል? ሰንሰለቱ ሲደነዝዝ ትሞርዱታላችሁ ወይስ ሌላ ትሸጡልኛላችሁ?" ሻጩ አሁን ቀልዱን ትቶ ይመልስ ጀመር። እኔ የጠየቅኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መጋዙ ዘሎ ቢመጣ ሰንሰለቱን የሚያቆመው ፍሬን የቱ እንደሆነና ፍሬኑ እንደሚሠራ እንዲያሳየኝ። አሳየኝ። ድጋሚ አሳየኝ አልኩት። ድጋሚ አሳየኝ።

"ዛፎቻችን ሁሉ ገመድ የሚደርስባቸው ናቸው" አለ ባለቤቴ ለራሱ። "በዓመት ሁለቴ ለምሠራው ሥራ ቤንዚንና ዘይት ስቀላቅል አልኖርም።" ወደ እኔ ዞረ። "እቺ ናት።"

ወፍራም የውጭ ማራዘሚያ ገመድ፣ ጓንትና መከላከያ መነጽር ጨመርን። መነጽሩ ሁለት ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስንጥር የሚዘለው የሚቆርጠውን ሰው ብቻ መርጦ አይደለም። ሁሉም ተደምሮ አንድ ሱፍና አንድ ሱሪ ሆነ። ባለቤቴ ወደ ቤት ስንሄድ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር።

ማግስቱ ዓርብ ነበር። ከሰዓት በኋላ የፊቱን ክፍል ዘጋ። ጓሮ ወጥቶ ግንዱ ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር ዙሪያውን አሰመረ፤ አንዱ ከበሩ በወዲህ፣ አንዱ ከበሩ በወዲያ። መስመሮቹ እንደ ሱሪ ስፌት ቀጥ ያሉ ነበሩ። ጓንቱን አጥልቆ መጋዙን ሲያነሳ ሜትሩ አሁንም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሄጄ አወረድኩለት። የሚሽከረከር ሰንሰለት አጠገብ ገመድ የሚመስል ነገር አንገት ላይ አይንጠለጠልም።

ሶኬቱን ልሰካ ስል የውጭው በር ተንኳኳ። አባቴ ነበር፤ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው ራዲዮ።

"ነገ አልነበር እንዴ?" አልኩት።

"ሻንጣዬን ከዘጋሁ ምን እጠብቃለሁ? ግድግዳ ሳይ ልደር?" አለና እያለፈኝ ወደ ጓሮ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ግንዱን አየ፤ በሩን አየ፤ መነጽር አድርጎ መጋዝ የያዘውን አማቹን አየ።

"መርፌ" አለ። "ይሄ ምንድን ነው? ጠመኔ? ለዛፍ ኮት ልትሰፋለት ነው?"

"እንደምን ዋሉ አባባ" አለ ባለቤቴ። ድምፁ ቀጥኗል። ወለል ያለ በር ሊያሳያቸው ያሰባቸው ሰው አሁን ከነሻንጣቸው ፊቱ ቆመዋል።

አባቴ ወንበር ስቦ ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀመጠ። "ቀጥል፣ ቀጥል። እኔ የለሁም በል።"

ሰካሁ። መጋዙ ጮኸ። ባለቤቴ እግሩን ከፍቶ ቆሞ የመጀመሪያውን መስመር ከላይ ጀመረው። ሰንሰለቱ ጠመኔውን ተከትሎ ያለ አንዳች ማወላወል ገባ፤ ነጭ ብናኝ እግሩ ሥር ተከመረ። አባቴን አየሁት። ወደፊት ዘንበል ብሎ ዓይኑን ጠበብ አድርጓል፤ አፉ ጥግ ላይ ግን የሆነ ነገር አለ። ይሄን መልክ አውቀዋለሁ፤ በካርታ ጨዋታ ጥሩ ካርታ ሲደርሰው እንዲህ ይሆናል።

ግንዱ መሐል ሲደርስ ብረቱ ተያዘ። መጋዙ አቃሰተና ቆመ። ባለቤቴ ሳበው፤ አልወጣም። ሮጬ ከሶኬቱ ነቀልኩት።

አባቴ ሳቀ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፤ ጉልበቱን እየመታ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር። ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ።

"ያውቁ ነበር" አለ ባለቤቴ።

"እንዴታ። በሁለት በኩል የተደገፈ እንጨት ከላይ ስትቆርጠው ይነክስሃል። ይሄን ለማየት ነው ዝም ያልኩት።" ተነስቶ ወደ ቤት ገባ፤ ወዲያው መዶሻና አንድ ለስላሳ፣ በአንድ ጎኑ ቀጠን ያለ እንጨት ይዞ ተመለሰ። እንጨቱን ቁርጡ ውስጥ አስገብቶ በመዶሻ ሲመታው ባለቤቴ ደነገጠ።

"አባባ፣ እሱ የመተኮሻ እንጨቴ ነው። የኮት ስፌት የምጫንበት።"

"ጎበዝ፣ አሁን ደግሞ እንጨት ይተኩስ" አለ አባቴና ደገመው። ቁርጡ ተከፈተ፤ መጋዙ ተላቀቀ።

"አሁን ደግሞ..." ብሎ ሊቀጥል ሲል ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ የግንዱን ሆድ እያየ ነበር።

"ጨርቅ ሲጎብጥ እንዲሁ ነው" አለ። "በውስጥ በኩል ይሸበሸባል፤ በውጭ በኩል ይወጠራል። መቀስ የሚገባው በተወጠረው በኩል ነው። ከታች መጨረስ አለብኝ።"

አባቴ ለምክር የከፈተውን አፉን ዘጋው። ካርታው የተወሰደበት መሰለ።

ባለቤቴ ሁለተኛውን አጋማሽ ከታች ጨረሰ፤ መጋዙ ወደ እሱ እየገፋ፣ እሱም ክንዱን አጥብቆ። ግንዱ ሲለያይ ድም አለ። በሩን ሄጄ ሞከርኩ፤ እስከ ግማሽ ተከፈተ። ለአልጋ አይበቃም፤ አልጋው ግን ውስጥ ነው። ለሻንጣ ይበቃል፤ ለአባቴ ግን በጎን።

አባቴ መጋረጃውን በክፍተቱ አየ። ተመልሶ መጥቶ የመጋዙን እጀታ ያዘ።

"አምጣ። ሁለተኛውን እኔ።"

ባለቤቴ አለቀቀም። የአባቴ እጅ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ሁላችንም እናውቃለን፤ ሻይ የምንቀዳለት በግማሽ ነው፤ መንቀጥቀጡን ግን አንድም ቀን በስሙ ጠርተነው አናውቅም። አሁን መጋዙ ራሱ በእጁ ሲርገበገብ ይታይ ነበር፤ ሳይሰካ።

"አይሆንም አባባ" አለ ባለቤቴ።

"ምን አልክ?"

"እጅዎ ይንቀጠቀጣል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ እንጂ ቃሉን አላለሰለሰውም። "ፋብሪካ እያሉ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው መጋዝ ይሰጡ ነበር?"

እኔ ሶኬቱን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

"አልሰጥም ነበር" አለ አባቴ።

"እኔም አልሰጥም።"

አባቴ እጀታውን ለቀቀ። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ አወጣቸው። "ታዲያ እንደ እንግዳ ቁጭ ብዬ ልይ?"

"ገመዱን የሚይዝልኝ ሰው አጥቻለሁ" አለ ባለቤቴ። "ከታች ስቆርጥ ሰንሰለቱ ሥር እየገባ ነው። ከኋላዬ ሆነው ወደ ጎን ቢይዙልኝ።"

"እሱን እይዛለሁ።"

"በመነጽር።"

"እኔ በሕይወቴ መነጽር አድርጌ እንጨት ቆርጬ አላውቅም።"

"ካላደረጉ ሶኬቱ አይሰካም" አለና ወደ እኔ አየ። እኔም ሶኬቱን ከጀርባዬ ደበቅሁት።

"ሁለታችሁም ተመካክራችኋል" አለ አባቴ። ዓይኔ ላይ የነበረውን መነጽር አውልቄ ለባለቤቴ ሰጠሁት። ባለቤቴ መጋዙን ግንዱ ላይ አስቀመጠ፤ ጓንቱን አወለቀ፤ ከአባቴ ፊት ቆመና መነጽሩን አጠለቀለት። ከዚያ ከኋላው ዞሮ ማሰሪያውን ለካ፤ አጠበቀ፤ ትንሽ አላላ፤ ጆሮው ላይ የታጠፈውን አቃና።

"ይይዝዎታል?"

"ደህና ነው" አለ አባቴ።

"አንገትዎን ቀና ያድርጉልኝ።"

አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። ልብስ እንደሚለካለት ሰውም ሁለት እጁን ከጎኑ ትንሽ ራቅ አድርጎ፣ ጨርሰሃል እስኪባል ድረስ ሳይንቀሳቀስ ቆመ።